ክረምት ክረምት የሚሠራው እጀታ

ባለፈው ሳምንት ገዳሪፍ ገበያ መሃል መሳቂያ ሆኜ ዋልኩ። ልጄ ሳባ የኤሌክትሪክ ስፌት መኪና ልታስመርጠኝ ይዛኝ ወጥታ ነበር። እኔ ደግሞ ጫፉ ላይ የእንጨት መያዣ ያለው ያረጀ የብረት እጀታ ቦርሳዬ ውስጥ ሸጉጬ ሄድኩና፣ በየሱቁ እየገባሁ እያንዳንዱ መኪና ጎን ላይ ልገጥመው ስሞክር ዋልኩ። አንዱ ወጣት ነጋዴ፣ አክስቴ ለማለት፣ «ያ ኻልቲ፣ ይሄ የወፍጮ ነው ወይስ የውሃ መሳቢያ?» ብሎ ጎረቤቶቹን ጠራብኝ። የሻይ ብርጭቋቸውን እንደያዙ መጥተው ሳቁ። ይሳቁ፤ ጥርስ የተሰጣቸው ለምን ሆነና!

ሳባ ግን አልሳቀችም፤ አፈረችብኝ። «ዩማ፣ ኸላስ! በመብራት ለሚሠራ መኪና እጀታ ምን ያደርግለታል?» አለችኝ። እማዬ፣ ይብቃሽ ማለቷ ነው። እዚህ አገር ተወልዳ ያደገች ልጅ ስትናደድ አማርኛው ያልቅባታል።

ነገሩስ ልክ ናት። ጉልበቴ የእግር መኪናዬን አልረግጥም ካለ ሰንብቷል፤ ዓይኔም ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ትቷል። ጦርነቱ ከካርቱም አባሯት እኔ ቤት ከገባች ወዲህ የምትሰፋው እሷ ናት። ከተማው በተፈናቃይ ተሞልቷል። ባዶ እጁን የመጣ ሰው ሁሉ ብርድ ልብስ ይፈልጋል፣ እኛ ደግሞ ብርድ ልብስ ሰፊዎች ነን፤ በዚህ በሚንቋቋ አሮጌ መኪና አይደረስም። «የመብራቱን እናምጣ» ስትለኝ እንቢ አላልኩም። አንድ ነገር ብቻ ነው ያልኩት፦ ይሄ እጀታ የማይገጥምበት መኪና ቤቴ አይገባም። አሮጊቷን ምን ነካት ትሉ ይሆናል። እንዲገባችሁ አባቴን ላስተዋውቃችሁ።

አባቴ ሞላ የመተማ ቆላ ሰው ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ድንበር ተሻግሮ ሱዳን፣ ፋሽጋ እርሻ ይወርዳል፤ ሰሊጥ ያርማል፣ ያጭዳል፣ በጋ ሲገባ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አንድ ዓመት ሳይመለስ ቀረ። ሠራተኛ የጫነ የትራክተር ተጎታች ጭቃ ላይ ተገልብጦ ሁለቱንም እግሮቹን ጨፍልቆት ኖሯል። እናቴ ቀደም ብላ አርፋለች፣ ሌላ ልጅ የለውም። ላስታምመው እኔ ወረድኩ። ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከገላባት ዶካ፣ ከዶካ ገዳሪፍ፣ የጭነት መኪና ላይ፣ ገና ከአውድማ በተነሳ የሰሊጥ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው የሄድኩት። መንገዱ አቧራ ብቻ ነበር። የሰሊጡ ሽታ ልብሴ ላይ ስንት ጊዜ ታጥቦ አልለቀቀም። ወር ቆይቼ ልመለስ ብዬ ነበር፤ ይኸው ፀጉሬ እዚሁ ሸበተ።

ስደርስ አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ አገኘሁት። ሰው ሲገባ አይዞርም፣ ብላ ሲሉት ይበላል፣ ካላሉት አይጠይቅም። ያን የመሰለ ተረበኛ ሰው እንደዚያ ሆኖ ማየት አንጀቴን በላው። ከዚያ ነው መኪናዋ የመጣችው። ጎረቤታችን የነበረ አንድ ልብስ ሰፊ ወደ አገሩ ሲገባ፣ ተሸክሜያት አልዘልቅም ብሎ ትንሽ የእጅ መኪና ትቶልን ሄደ። እኔ እናቴ ካሳየችኝ የመርፌ ሥራ በቀር አላውቅም ነበር፤ ግን ችግር የማያስተምረው የለም።

የእጅ መኪና ያላየ ይኖራልና ልንገራችሁ። ቀኝ እጅ እጀታውን ሲያዞር ለጨርቁ የሚቀረው ግራ እጅ ብቻ ነው። ለሸሚዝ ይበቃል። እኛ የምንሰፋው ግን ሱዳኖቹ ልሃፍ የሚሉትን ነው፤ በሁለት ጨርቅ መሃል ጥጥ ታጭቆ ጥጡ እንዳይሸሽ ከዳር እስከ ዳር በስፌት የሚያዝ ብርድ ልብስ። ላዩን ልብስ ሰፊዎቹ ከሚጥሉት ቁርጥራጭ እየቀጣጠልኩ እሠራዋለሁ፣ ጥጡ ፋው ከሚባለው የጥጥ እርሻ አገር ይመጣል። አባቴ፣ «ስሙን ዐረብኛ ብታደርጊው ያው ድሪቶ ነው» ይለኝ ነበር። ይሄ ድሪቶ ታዲያ በአንድ እጅ አይገፋም። ስለዚህ ሁለት ሆነን ሰፋነው። እኔ በሁለት እጄ ጨርቁን እመራለሁ፣ አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተደግፎ እጀታውን ያዞራል። «ሂድ» ስለው ይሄዳል፣ «ቀስ» ስለው ያቀዘቅዛል፣ «ቁም» ስለው ይቆማል። «ምነው በሬ አረግሽኝ» እያለ ይስቃል።

አባቴን ከግድግዳው ያዞረችው ያች እጀታ ናት። ጢሙን መላጨት ጀመረ። አልጋውን ወደ በሩ አስዞረ። መንገደኛው፣ አጎቴ ለማለት፣ «ዐም ሞላ፣ እንዴት ነህ?» ሲለው፣ «ሥራ ላይ ነኝ!» ይላል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» ይልና እኔን ያያል። «ገና ሳላገባ ከማን ልታፋታኝ ነው?» እለዋለሁ። በየቀኑ ይሄንኑ ነው የምንባባለው፣ በየቀኑም ያስቀን ነበር።

ከአጠገባችን ሐጃ ዘይነብ የሚባሉ ሱዳናዊት ነበሩ። ባላቸው ገበያ ውስጥ የታወቁ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ከሞቱ ወዲህ ትልቁ የእግር መኪናቸው ጨርቅ ለብሶ ቤት ተቀምጧል። ሴት ልጃቸው ለአንድ የኒው ሀልፋ ሰው ታጭታ፣ ሠርጉ ክረምቱ እንዳለቀ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ዘላቢያ የሚሉትን ዘይት የጠገበ ጥብስ ሊጥ በሳህን ይዘው መጡና ስሰፋ ቆመው አዩኝ። የእኛ መኪና ወፍራም ነገር ሲመጣባት መርፌ ትሰብራለች፣ አንዱን ወግታ ሁለቱን ትዘላለች።

«ያ ትርንጎ» አሉኝ፣ «የልጄን የሙሽርነት ልሃፎች ጥጡን ሳትሰስቺ አንቺ ስፊልኝ። የባሌን መኪና ውሰጂ፤ ዋጋሽ እሱ ይሁን። በእግር ነው፣ ሁለት እጅሽ ነፃ ይሆናል። ሰው አያስፈልግሽም።»

ሰው አያስፈልግሽም። ሐጃ በደግነት ነው ያሉት። እኔ ግን መጀመሪያ ልቤ በደስታ ዘለለ፣ ወዲያው ደግሞ ዓይኔ ወደ አባቴ እጅ ሄደ። እጀታውን እንደያዘ ነበር። በእግር የሚረገጥ መኪና እግር ለሌለው ሰው ምን ያደርግለታል? ወደ ግድግዳው መመለስ ነው የሚቀረው። «አላህ ይስጥልኝ ሐጃ፣ እኔ የለመድኳት ትሻለኛለች» አልኩ። ሴትዮዋ ተገርመው ሄዱ።

ዞር ስል አባቴ በቁጣ ቀልቷል።

«ምን ሆነሽ ነው እንቢ ያልሽው?»

«አልወደድኩትም አባየ።»

«ውሸትሽን ነው! ለኔ ብለሽ ነው። ስሚ አንች ልጅ፣ እግር ያጣሁት እኔ ነኝ። አንች ሁለት እግር ይዘሽ እኔን ብለሽ ልትቀመጭ ነው? አላደርገውም! ሐጃን ጥሪልኝ፣ አለዚያ እየተሳብኩም ቢሆን እሄዳለሁ።»

የሚያደርገው ሰው ነው። ጠራኋቸው።

መኪናው በአህያ ጋሪ መጣ፤ ከነብረት እግሩ፣ ከነጠረጴዛው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስረግጠው፣ ውሸት ምን ያደርጋል፣ በደስታ ጮህኩ። አምስት ድርብ ጨርቅና ያን ሁሉ ጥጥ እንደ ቅቤ ነው የሚወጋው። አባቴ «ጎሽ! ጎሽ!» አለ። በማግስቱ ግን ሙቀት በዛብኝ ብሎ አልጋውን ውጭ፣ ዳሱ ሥር አስወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻዩ ስኳር ያንሰዋል፣ አሲዳ የሚሉት ገንፎ አልበሰለም፣ የጎረቤት ዶሮ አላስተኛው ይላል። አንድ ቀን በበሩ አሾልቄ ሳየው፣ እኔ ስረግጥ የመኪናውን ድምፅ እየሰማ ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ በቀስታ ይዞራል። እሱ የሚያውቀው አልመሰለኝም። ጨርቁን ትቼ ብዙ አለቀስኩ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላውቅም ነበር፤ መኪናውን ብመልሰው ይቆጣል፣ ባልመልሰው ይሞትብኛል።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። የገዳሪፍን ዋልካ የሚያውቅ ያውቀዋል። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ያብጥና ጫማህን ከእግርህ ይነጥቅሃል። መንገዱ ይዘጋል፣ ጭነት መኪናዎቹ በየቦታው እንደ ተተከሉ ይከርማሉ። የጎጇችን ወለልም ያው ዋልካ ነው፤ ጣሪያው ባያፈስ እንኳ ውሃው ከሥር ይመጣል። አንድ ቀን ልሰፋ ስቀመጥ ጠረጴዛው ወደ ቀኝ አዘንብሏል። የብረት እግሩ ሰጥሟል። ጣውላ አነጠፍኩለት፣ ጣውላውም ሰጠመ። ድንጋይ ባደርግ አንዱ ጎን ገብቶ ሌላው ቀረ። ፔዳሉ ጭቃ ይልሳል፣ መዘውሩን የሚያዞረው ቺንጋ በየደቂቃው እየወጣ ይወድቃል። ከሙሽሪት ልሃፎች ግማሹ እንኳ አላለቀም። ቃሌን ልበላ ነው፤ መኪናውም ከቤቴ ሊወጣ ነው።

«አባየ፣ አለቀልኝ!» ብዬ ወጣሁ።

ገብተህ እይ ብዬ ከሰው ጋር ተሸክመን አስገባነው። ጠረጴዛውን አየ፣ ወለሉን አየ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ። ያን ሳቅ ካየሁት ቆይቼ ነበር።

«ፋሽጋ ትራክተሩ ጭቃ ሲይዘው ምን እናደርግ እንደነበር ታውቂያለሽ?»

«ምን ታደርጉ ነበር?»

«እዚያው ትተነው በእጃችን እናርም ነበራ! ክረምት የእጅ ነው። ያችን የአሮጌዋን መኪና እጀታ ፍችና አምጭልኝ። ይሄንንም ከጠረጴዛው አውርጅልኝ።»

የመኪናውን አካል ከጠረጴዛው ፈታነው፣ አልጋው ላይ በተጋደመ ወፍራም ሳንቃ ላይ አስቀመጥነው። እጀታዋ ጎኑ ላይ ትገጥማለች ወይ ብዬ ትንፋሼን ይዣለሁ። አባቴ ብሎኑን አስገባ፣ አጠበቀ፣ አንድ ጊዜ አዞረ። መርፌው ወረደና ወጣ። ቀና ብሎ አየኝ።

«በይ ንጂኝ» አለ።

«ሂድ» አልኩት።

ውጭ ዝናቡ እየወረደ፣ እኛ ከጭቃው በላይ አልጋ ላይ ሆነን ሰፋን። የትልቁ መኪና ጉልበትና የአባቴ ክንድ ሲገናኙ መርፌ መስበር ቀረ። አባቴ የአረም ዘፈኑን በአፍንጫው እያዜመ ያዞራል፣ ጥንቅሽ እየመጠጠ ያዞራል፤ ስለ ሻዩ ስኳር ያነሳበትን ቀን አላስታውስም። ሐጃ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ጭቃውን በባዶ እግራቸው እየረገጡ ልሃፎቹን ሊያዩ መጡ። እያንዳንዱን በመዳፋቸው ዳበሱና «ማሻ አላህ» አሉ። አባቴን ሲያዩት ግን ቅር አላቸው።

«ዐም ሞላ፣ እኔ አንተን ላሳርፍ ነበር መኪናውን የሰጠሁት። መልሳ አሠራችህ?»

«እኔ ድሮም የክረምት ሠራተኛ ነኝ ሐጃ» አለ፣ እጀታውን ሳይለቅ። «የማርፈው በጋ ነው።»

እንዳለውም ሆነ። ሙሽሪት ልሃፎቿን ይዛ ኒው ሀልፋ ሄደች። መሬቱ ሲደርቅ መኪናው ጠረጴዛው ላይ ተመለሰ፤ እኔ በእግሬ ረገጥኩ፣ አባቴ ዳሱ ሥር ሆኖ ከመንገደኛው ጋር ሲቀልድ ከረመ። የመጀመሪያው ደመና ሲታይ ግን፣ «እጀታዋን ዘይት ቀብተሻል?» ይለኛል። በሕይወት እስካለ ድረስ አንድም ክረምት አላመለጠውም። በኋላ ወለሉን ሲሚንቶ ሳስደርግ እንኳ፣ እያየ «ሲሚንቶም ክረምት ላይ አይታመንም» ብሎ አልጋው ላይ ሳንቃውን አስነጠፈ።

ወደ ገበያው ልመልሳችሁ። አዲሶቹ መኪኖች ሁሉም ፕላስቲክ ናቸው፣ እጀታዬ የሚያርፍበት የላቸውም። ሳባ ተስፋ ልትቆርጥ ስትል፣ ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ያገለገሉ መኪኖች ሲሸጡ አገኘን። ጥቁር የብረት መኪና ነው፣ ሞተሩ ጎኑ ላይ የተለጠፈ። ሞተሩን ፈቱልኝ። እጀታዬን አስጠጋሁ፣ ብሎኑ ገባ። አዞርኩት፤ መርፌው ወረደና ወጣ።

«ጥሩ» አለች ሳባ፣ ደክሟታል። «መብራት ሲጠፋ በእጅ ይሠራል፣ ገባኝ። ግን ማን ሊያዞረው ነው? እኔ ሁለት እጄ ጨርቁ ላይ ነው።»

ክረምት ሲገባ ገዳሪፍ መብራት እንዴት እንደሚጠፋ ታውቃለች። እሷ የማታውቀው ሌላ ነው። እሷ ስትሰፋ አልጋ ላይ ተቀምጬ ማየት ከጀመርኩ ወራት ሆነኝ። በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት ሻይ ስታቀርብልኝ፣ «ስኳሩ አንሷል» አልኳት። ሁለተኛም ቀን አልኩ። በሦስተኛው ቀን የራሴን ድምፅ ሰማሁትና ደነገጥኩ፤ ተነስቼ ከሳጥን ውስጥ እጀታዋን ፈለግኩ። ፈርቻለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ።

«እኔ ነኝ የማዞረው» አልኳት። «የክረምት ሠራተኛ ቅጠሪኝ።»

ሳባ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ እጀታውን የያዘውን እጄን አየችው። የአያቷን ወሬ ስሰፋ ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ። ዐረብኛዋን ተወችና በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣ ጠየቀችኝ።

«ቁሚ ስልሽ ትቆሚያለሽ?»

«እቆማለሁ» አልኳት።