በኤግዚቢት የተያዘው የስለት ጥላ

ወንድሜ በጠና ታሞ ሳለ፣ ቢነሣልኝ ወረታ አጠገብ ላለው ደብራችን ለቁሐር ሚካኤል ባለ ወርቅ ዘርፍ ጥላ አስገባለሁ ብዬ ተሳልኩ። ተነሣ፤ ተመስገን። ከምኖርበት ከድሬዳዋ ጥላውን አሠርቼ፣ ዘርፉ እንዳይቆሽሽ በጆንያ ጠቅልዬ በአውቶቡስ ወደ ወረታ ላክሁት። ስለት ሳይደርስ ሲወራ ስለማልወድ ለወንድሜ በድምፅ መልእክት፣ «ዕቃው ነገ ይገባል። ለማንም እንዳታሳይ፤ እስከ ኅዳር ሚካኤል ከሩዙ ጎታ ጀርባ ደብቀው» አልኩት።

ጉድ ያፈላው ይኸው ጥንቃቄዬ ነው። መናኸሪያ ላይ ያየ ሰው፣ ረጅም ነገር በጆንያ ተጠቅልሎ ገባ ብሎ ጠቆመ። ፖሊሶች እናቴ ቤት ገብተው የወንድሜን ስልክ ተቀበሉ፤ መልእክቴን ሰሙና አንዱ ደወለልኝ።

«እህቴ፣ ‹ዕቃው› ያልሽው ምንድን ነው?»

«የሚካኤል ጥላ ነው። ለመሆኑ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዘዋል?»

«ከባድ ወንጀል ስንጠረጥር ትእዛዝ አንጠብቅም። የምንመረምረው የመሣሪያ ዝውውር ነው።»

«ጆንያውን ፈትተው አላዩም እንዴ?»

«አይተናል። ጥላ ነው።»

«እና ታዲያ?»

«ውስጡ ምን እንዳለ ይጣራል።»

ከጀርባው እናቴ ትጮሃለች፦ «አንተ ልጅ፣ ክርስትና አልተነሣህም? ጥላ አይተህ አታውቅም?»

ወንድሜንም ጥላውንም ወረታ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዷቸው። ያለ ትእዛዝ የመፈተሽ ሥልጣኑ ለክፉ ቀን ተብሎ እንደተሰጠ ይገባኛል፤ በአገሬ የሆነውንም አላጣሁትም። ግን ዳኛ ፊት ቆመው «ጥላ ይዘናል» ማለት ቢኖርባቸው ኖሮ፣ አፍረው ከደጃፉ ይመለሱ ነበር።

ወንድሜን በማግስቱ ለቀቁት፤ ጥላው ቀረ። በኅዳር ሚካኤል ማለዳ ቅዳሴ ልሄድ ነጠላዬን ስለብስ ያው ፖሊስ ደወለ።

«እህቴ፣ ጥላውን ልንመልስ ነበር። ለምርመራ ከፍተነው አልታጠፍም አለ። በበሩም አይወጣ።»

«ክፍል ውስጥ ነው የዘረጉት?»

«ኤግዚቢት እኮ ከክፍል አይወጣም።»

«ከአናቱ ሥር ያለችውን ሽቦ ጫን ይበሉና ወደ ታች ይሳቡት። ኧረ ቀስ! ዘርፉን!» ወረታ ያለውን ጥላ ከድሬዳዋ ሆኜ ሳሳጥፍ ቅዳሴው አመለጠኝ።

ረፋድ ላይ ወንድሜ ደወለ፤ ከበሮው ይሰማል።

«እታለም፣ ደርሰናል! ታቦቱ በአንቺ ጥላ ሥር ነው። የኤግዚቢቱ ወረቀት ብቻ እንደተንጠለጠለበት ነው።»

«በጥሰህ ጣለው እንጂ!»

«ኧረ ተይ! ፖሊሱ አብሮኝ መጥቷል፤ ምርመራው አልተዘጋም ይላል።»