የረዘመው ምርቃት

ነገሌ ላይ የታሰርኩት ካርቡሬተር በመጠገኔ ነው። ያኔ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። መኪናቸውን የሠራሁላቸው ሰዎች ለካ ሊሸፍቱ ኖሯል፤ እኔ ምን አውቄ! «ተባባሪ ነህ» ተባልኩና ድሮ የቆዳ መጋዘን የነበረ ክፍል ውስጥ ከተቱኝ። ቆርቆሮው ቀትር ላይ ሰው ይጠብሳል። ግድግዳው ገና ጨውና ጥሬ ቆዳ ይሸታል። ዝናብ ከቀረ ቆይቶ ስለነበር አቧራው በበሩ ስር እየገባ ምግባችን ላይ ያርፋል።

እዚያ ቀድመውኝ የታሰሩ አንድ የቦረና ሽማግሌ ነበሩ። የእሳቸው ጥፋት ደግሞ ለእነዚያው ሰዎች ወተት መስጠት ነው።

«ሽፍታ መሆናቸውን አላወቁም ነበር፣ አባባ?» አልኳቸው።

«ወተት የጠየቀ ሰው ማነህ ይባላል እንዴ?» አሉኝ ተገርመው።

ከእኛ በፊት የነበሩትን እስረኞች በጭነት መኪና ጭነው ወስደዋቸዋል። የት እንደደረሱ የሚያውቅ ቤተሰብ የለም። ቀጣዮቹ እኛ መሆናችንን ሰማሁ። ሚስቴ ወሯ ገብቷል። የልጄን ዓይን ሳላይ መቅረቴ ነው ብዬ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፤ ዛሬም አላፍርበትም።

«ዋቃ አለ» አሉኝ ሽማግሌው።

«እግዜር አለ፣ እኔን ግን ረስቶኛል።»

«የሚረሳው ሰው ነው። በል አሁን ቂጣህን ብላ።»

ጠዋት መኪናው መጣ። በሩን የከፈተው ጢማም ጠባቂ የዚያው አገር ሰው ነው። «ውጡ» አለን። ሽማግሌው ወጡ፤ ወጡና ግን ወደ መኪናው አልሄዱም። ግቢው መሃል ቆመው እጃቸውን ዘረጉና በኦሮምኛ መመረቅ ጀመሩ።

ቦረና ላይ ሽማግሌ ሲመርቅ የሰማ ሁሉ ለእያንዳንዷ ቃል «ናጋ» ብሎ ይቀበላል፣ ሰላም ይሁን ማለት ነው። ማቋረጥ ነውር ነው። ጠባቂዎቹ አፈሙዛቸውን ወደ መሬት አድርገው ይቀበሉ ጀመር።

«ለከብቱ!»

«ናጋ!»

«ለግመሉ!»

«ናጋ!»

ፍየሉን መረቁ። የውሃ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ እየጠሩ መረቁ። የሚያልቡትን ሴቶች፣ የጠባቂዎቹን እናቶች፣ ሹፌሩን ሳይቀር መረቁ። ከዚያ ደግሞ ዝናብ መለመን ጀመሩ።

አዛዡ ለአገሩ እንግዳ ነው። «ምንድነው ይሄ? አስቁማቸው እንጂ!» አለ።

«ጌታዬ፣ ሽማግሌ እየመረቀ አይቋረጥም» አለ ጢማሙ።

«ታዲያ መቼ ነው የሚጨርሱት?»

«እንጃ!»

እኔ በሆዴ አባታችን ሆይ እያልኩ ነበር። አንገቴን ደፍቼ ለምን እጫናለሁ? ቀና አልኩና እንደማንም «ናጋ!» አልኩ፣ ግቢው እስኪሰማ። ፍርሃቴ ሲለቀኝ ተሰማኝ።

በደጋው፣ በቦሬ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ሽማግሌው ገና አልጨረሱም። ከዚያ ያ ዝናብ ወረደ፣ ወይ ዝናብ! መካኒክ ነኝና የመኪናው ጎማ ልሙጥ መሆኑን ገና ሲገባ አይቼዋለሁ። በዚያ ቀይ ጭቃ ከከተማው መውጫ አያልፍም። ሹፌሩም ያውቃል፤ ሞተሩን አጥፍቶ «ነፍሴን አልጠላሁም» አለ። አዛዡ ሰማይ ምድሩን ሰድቦ ወደ ክፍላችን መለሰን። በስብሰን፣ እየተንቀጠቀጥን፣ እንደ እብድ ሳቅን።

ዝናቡ አልለቀቀም። መንገዱ ሳይደርቅ አዛዡ ተቀየረ። አዲሱ ሰው የከተማውን ትልልቅ ሰዎች አነጋገረና በዋስ ለቀቀን።

በሩ ላይ ሽማግሌውን ጠየቅኳቸው። «እውነት ይንገሩኝ፣ አባባ፤ ሆን ብለው ነው ያስረዘሙት?»

«በዋቃ ፊት ብልጠት የለም» አሉ። «ዝናብ ከጠፋ ቆየ። የሚለመነው ነገር በዝቶ ነበር።» ከዚያ ከብቶቻቸው ወዳሉበት መንገዱን ያዙ።

ሴት ልጄ የተወለደችው በተፈታሁ ሰሞን ነው። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆናለች፣ የራሷ ሱቅ አላት፤ ምሳ ልትበላ እኛ ጋ ትመጣለች። እኔም ማዕዱን ለመባረክ እነሳለሁ። ትንሽ እንደቆየሁ «አባዬ፣ ኧረ ወጡ ቀዘቀዘ!» ትላለች።

ይቀዝቅዝ። የማመሰግንበት ነገር ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እያጉረመረመ እንዴት ብዬ ላሳጥረው?