ሐሰን ያስተማረኝ እንግሊዝኛ

ባለፈው ሐምሌ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ በዋለበት አንድ ቅዳሜ፣ የልጅ ልጄ ሐያት ደብተሯን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። የክረምት ትምህርቷ የቤት ሥራ ነበረባት፤ «ሉክ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ ከትንንሽ ቃላት ጋር እያጣመሩ ዓረፍተ ነገር መሥራት። ሉክ ማየት ነው። «አፍተር» ሲከተለው መንከባከብ ይሆናል፣ «ፎር» ሲከተለው መፈለግ። እንግሊዞች በአንድ ማየት ብቻ ስንቱን ነገር እንደሚሉበት ሁልጊዜ ይገርመኛል።

«አባባ፣ ሉክ ዳውን ኦን ምን ማለት ነው?» አለችኝ።

ይህንኑ ጥያቄ እኔም አንድ ጊዜ ሰው ጠይቄ ነበር። ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ በጃንሆይ ዘመን፣ እዚሁ መርካቶ።

አባቴ ከወሎ የመጣ ልብስ ሰፊ ነበር። ከአማኑኤል ወረድ ብሎ፣ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ መኪናውን ተክሎ ቀኑን ሙሉ ይሰፋል። እስከ ስምንተኛ ክፍል ያደረሰኝ በዚያች መኪና ነው። ቁርአን ተምሯል፤ አስኳላ የሚባል ግን ደጁንም አልረገጠም። እንግሊዝኛ ስናገር መስማት ነፍሱ ነበር። ደንበኛ ሲመጣ ይጠራኝና፣ «እስቲ ለጋሼ አንድ ሁለት ቃል ወርውርላቸው» ይለኛል። እኔም ያፈራሁትን ሁሉ እወረውራለሁ። ደንበኛው ባይገባውም ራሱን ይነቀንቃል፤ አባቴ አንገቱን ደፍቶ መስፋቱን ይቀጥላል፣ ፈገግታውን ግን መደበቅ አይችልም።

ሐሰን የግቢያችን ልጅ ነበር። እናትና አባቱን በልጅነቱ አጥቶ እህል በረንዳ ጤፍ ከሚነግዱት አጎቱ ጋር ነው ያደገው። በዕድሜ አንድ ዓመት፣ በትምህርት ሁለት ክፍል ይበልጠኛል። የእኛንና የእነሱን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። በረመዳን እናቴ የሐሰንን ሾርባ ሳትቀዳ የእኛን አትቀዳም ነበር።

መስከረም ጠብቶ የመርካቶ ጭቃ መጠንከር ሲጀምር፣ አንድ ሽማግሌ ህንዳዊ የጨርቅ ነጋዴ እንግሊዝኛ የሚችል የሱቅ ጸሐፊ ይፈልጋሉ የሚል ወሬ ተሰማ። ፈተናው የቃል ነው። በማግስቱ ሄጄ ተመዘገብኩና ለሐሰን ነገርኩት። ደስ ያለው መሰለኝ።

«አንተስ ለምን አትሞክርም?» አልኩት።

«እኔማ መምህርነት ነው የማስበው። ይልቅ አንተን ላዘጋጅህ። ሰውየው ሉክ በሚባለው ግስ ነው አሉ ሰው የሚፈትኑት።»

ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ፣ እህል በረንዳ በተደረደሩት ጆንያዎች ላይ ወጥተን አጠናን። የጤፉ ብናኝ አፍንጫ ይኮረኩራል። ከበታቻችን ተሸካሚዎቹ «ዞር በል! ዞር በል!» እያሉ ይሮጣሉ። በጋዜጣ የተጠቀለለ የሽምብራ ቆሎ መሐላችን አስቀምጠን እየቆረጠምን፣ እሱ ይናገራል እኔ እደግማለሁ። ሉክ አፍተር፣ ሉክ ፎር። ሉክ ኢንቱ፣ ማጣራት። ሉክ ፎርዋርድ ቱ፣ በጉጉት መጠበቅ። አንዱንም አላዛባብኝም። መጨረሻ ላይ ሁለት ቀሩ።

«ሉክ ዳውን ኦን ማክበር ነው» አለኝ።

«ዳውን ታች አይደል እንዴ?»

«ታች ነዋ! ትልቅ ሰው ፊት ስትቆም ወዴት ነው የምታየው? ዝቅ ብለህ አይደል? እነሱም እንደኛው ናቸው። ሉክ አፕ ቱ ደግሞ ሽቅብ ማፍጠጥ ነው፤ መድፈር፣ መናቅ።»

ነገሩ ልክክ አለልኝ። ለካ ፈረንጅም ለታላቁ አንገቱን ይደፋል ብዬ ደስም አለኝ። ሐሰን ቃሉን በዓረፍተ ነገር አስገብቶ ደጋግሞ አስባለኝ። «ዳውን» ስል አፌን ከፈት እንዳደርግ አረመኝ፤ «ኦን»ን እንዳልውጣት አስጠነቀቀኝ። በመጨረሻ ሳልደናቀፍ ስወጣው ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ «አሁን እንግሊዝ ሆንክ!» አለኝ።

የፈተናው ጠዋት አባቴ ሥራውን ትቶ አብሮኝ መጣ። ከተራረፉ ጨርቆች የሰፋልኝን ኮት ለብሻለሁ፤ መንገዱን ሙሉ ኮሌታዬን ሲያቃናልኝ ነበር። ሱቁ ስንደርስ እሱ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ነጋዴው ጢማቸው የነጣ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ከጎናቸው ጋሼ በቀለ የሚባሉ የቆዩ ጸሐፊያቸው ተቀምጠዋል።

ነጋዴው በእንግሊዝኛ ስለ አባቴ እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ይህንንማ ተዘጋጅቼበታለሁ! ደረቴን ነፋ አድርጌ፣ «አይ ሉክ ዳውን ኦን ማይ ፋዘር» አልኩ።

ነጋዴውና ጋሼ በቀለ ተያዩ። ያልሰሙኝ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ሽማግሌዎችን ሁሉ ሉክ ዳውን ኦን እንደማደርግ፣ ከቀጠሩኝም እርሳቸውን በየቀኑ እንደዚያ እንደማደርጋቸው ነገርኳቸው። ጋሼ በቀለ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«እሺ፣ ሉክ አፕ ቱ የምታደርገውስ ማንን ነው?» አሉኝ ነጋዴው።

«ማንንም! በጭራሽ!»

ሽማግሌው ተነሡና በሩን በእጃቸው አመለከቱኝ። አባቴም ግራ ተጋብቶ ተነሣ።

«ምን አጠፋ ልጄ? ምን አለ?» ሲል ጋሼ በቀለን ጠየቃቸው።

ጋሼ በቀለ አመነቱ። «አባቴን እንቀዋለሁ ነው ያለው» አሉ በስተመጨረሻ። «ሽማግሌ ሁሉ እንቃለሁ፣ የማከብረው ሰው የለም አለ።»

አባቴ መሳቅ ጀምሮ ነበር፤ ቀልድ መስሎታል። የጋሼ በቀለን ፊት ሲያይ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

«አይደለም አባ! አከብራለሁ ነው ያልኩት! በአላህ!» አልኩ።

አባቴ በሩን አልፎ ወጣ። እስከ አማኑኤል ድረስ ከፊቴ ከፊቴ ሄደ። በረንዳው ስንደርስ መኪናው ላይ ተቀመጠና፣ ቀና ሳይል፣ «እንዳልሰማህ ነው በማላውቀው ቋንቋ ያልከው?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ደንበኛ ሲመጣ አልጠራኝም። የሚገርመው ለሐሰን ማዘኔ ነው። ተሳስቶ አሳሳተኝ፣ ቢሰማ ያፍራል ብዬ ሦስት ቀን ሳልነግረው ቆየሁ። በአራተኛው ቀን ልነግረው ስሄድ አጎቱ ሥራ መግባቱን በደስታ ነገሩኝ። ገባበት ያሉኝ ቦታ ያው የጨርቅ ሱቅ ነበር።

ሄድኩ። ሐሰን ሜትር አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ጨርቅ ያጥፋል። ጋሼ በቀለ አይተውኝ ወደ በሩ መጡ። «ይኸ ልጅ ቁም ነገር አለው» አሉኝ ሊመክሩኝ። «ከአንተ ጋር በአንድ ቀን ነው የተመዘገበው። ስለ ሽማግሌዎች ቢጠየቅ፣ ሉክ አፕ ቱ አደርጋቸዋለሁ፣ አከብራቸዋለሁ አለ። እንዲህ ነው የሚባለው።»

በአንድ ቀን ነው የተመዘገበው። ጆንያው ላይ ከመውጣታችን በፊት ማለት ነው።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት ሐሰንን።

ማጠፉን አላቆመም። «አውቅ ነበር።»

«ምነው ታዲያ?»

«አንተ ባትቀጠር አባት አለህ። እኔን ከአጎቴ ጆንያ ሥር የሚያወጣኝ ማን አለ?»

«ብትነግረኝ እተውልህ ነበር!»

«አትተውም ነበር» አለ።

እተውለት እንደነበር ወይም እንዳልነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሁሉንም የሰሙት ጋሼ በቀለ በሳምንቱ በረንዳችን ድረስ መጥተው ለአባቴ አስረዱልኝ። አባቴ እስኪጨርሱ ሰማቸው። ከሄዱ በኋላ በርጩማ ስቦ ከጎኑ አስቀመጠኝና ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አሳየኝ። ይቅርታ እንዲህ ነው የጠየቀኝ። እኔም ልብስ ሰፊ ሆኜ ቀረሁ፤ አልከፋኝም፣ ልጆቼን ያሳደግኩበት ሙያ ነው። ሐሰን ከጊዜ በኋላ ወደ ድሬዳዋ ሄደ። አንዴ በአጎቱ ቀብር ላይ ተገናኝተን ተጨባበጥን። ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ሌላ አላወራንም።

ለሐያት «መናቅ ማለት ነው» አልኳት። እሷ ግን ስልኳን አውጥታ አረጋገጠች፤ ደግ አደረገች። እኔ የማረጋግጥበት አልነበረኝም፤ የእኔ መዝገበ ቃላት ሐሰን ነበር። ሥራውን መውሰዱን ከረሳሁ ቆይቷል። ችግረኛ ነበር፣ ይገባኛል። ያልወጣልኝ ሌላ ነው። ውሸቱን ነግሮኝ በቃ ብሎ መተው ይችል ነበር። እሱ ግን እዚያ ጆንያ ላይ ቆሎዬን እየቆረጠመ፣ አባቴን የማዋርድበትን ቃል አነጋገሬ እስኪጠራ ድረስ በትዕግሥት አረመኝ። ከዚያ ወዲያ እንደዚያ ተጨንቆ ያስተማረኝ ሰው የለም።