የዘገየ አውቶቡስና ስድስተኛው ቤት

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሠርጌ ቀረ። እኔ ሙሽራው እዚያው ተቀምጬ እያየሁ...

ከኦስናት ጋር የተዋወቅነው እዚህ እስራኤል፣ ገዴራ ከተማ ፌርማታ ላይ፣ አውቶቡስ ዘግይቶብን ነው። ፊዚክስ ትማራለች። «መነሻው ላይ ያለች ቅንጣት ለውጥ መጨረሻውን ሁሉ ትገለብጠዋለች። የአየር ትንበያ ብዙ ቀን ርቆ የማይታመነው ለዚህ ነው፤ የነገን ማንም አያውቅም» ትለኛለች። የእኛ ቅንጣት ያ አውቶቡስ ነው እያልን ስንስቅ ከረምን።

ትናንት የዘር ቆጠራ ነበር። ለማያውቅ፣ በእኛ በቤተ እስራኤሎች ዘንድ እስከ ሰባት ቤት የሚዛመድ አይጋባም። ከሠርግ በፊት ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሁለቱንም ወገን አያት ቅድመ አያት ይቆጥራሉ። አዳራሹ ተይዟል፣ ቀሚሷ ተሰፍቷል... ቆጠራው ለወጉ ያህል ነበር የመሰለኝ።

ከምንኖርበት ከቂርያት ማላኪ ገዴራ እነኦስናት ቤት ለመሄድ በመኪና ስንወጣ ጎረቤታችን አባ መርሻ ፌርማታ ላይ ቆመዋል። ያቭኔ ከተማ ለቅሶ ሊደርሱ ወጥተው አውቶቡሱ ዘግይቶባቸዋል።

«ይግቡ አባ፣ የገዴራውን ጉዳይ ጨርሰን እናደርስዎታለን» አላቸው አባቴ። በሩን የከፈትኩላቸው እኔው ነኝ።

ቆጠራው ያለ እንከን ሄደ። የኦስናት አባት «ቤሰደር፣ መልካም ነው፤ ልጆቹ ንጹሕ ናቸው። ያላ፣ እንመርቅ!» አሉ። ይኼኔ ጥግ የተቀመጡት አባ መርሻ ወደ ኦስናት አባት ቀና አሉ።

«ቆይ እስቲ... ይች በእናንተ በኩል የጠራችኋት ጥሩነሽ፣ የወገራዋ ናት?»

«አዎ።»

«እሷማ ባሏ ሲሞት ደምቢያ ተድራለች። እዚያም ወንድ ልጅ ወልዳለች።» ወደ አባቴ ዞሩ። «ያንተ ቅድመ አያት እኮ ነው!»

ከእኔ ጀምሮ ወደ ኋላ ሲቆጠር ስድስተኛው ቤት ላይ ተገናኘን። አባቴ የቅድመ አያቱን እናት ስም ሰምቶት አያውቅም። ማንም አልተከራከረም፤ ዘመድ ናቸው ከተባለ አለቀ። የኦስናት እናት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ። እኔ ግን እንባም አልመጣልኝም፤ ተነስቼ ወጣሁ።

ኦስናትን ደረጃው ላይ አገኘኋት።

«የነገን ማንም አያውቅም ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

«የነገን ነው ያልኩህ» አለች እንባዋን እየጠረገች። «የኋላውንማ ሽማግሌ ያውቀዋል... ወንድሜ።»

እስከ ትናንት ጠዋት ‹ሆዴ› ነበር የምትለኝ። ከእንግዲህ ምንም ነገር የማቅድ አይመስለኝም።

ቃል ነውና አባ መርሻን ያቭኔ አደረስናቸው። ሲወርዱ «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፤ አውቶቡሱን ብጠብቅ ኖሮ ለቅሶው ያመልጠኝ ነበር» አሉኝ።

ለቅሶውስ አላመለጣቸውም... ገዴራ ላይ ጀምረውታል።