ሽቦ የሠራት አውሮፕላን

ሰፈርተኛው ሁሉ «ሽቦ» ይለዋል። ከሲታ ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነቱ ግን ኪሱ ሽቦ አጥቶ ስለማያውቅ ነው። ዕድሜው አርባ ሁለት ነው። ከዚያ ውስጥ አሥራ ዘጠኙን የፈጀው በእህቱ ባል የሬዲዮና የቴሌቪዥን መጠገኛ ጓዳ ውስጥ ነው። ጓዳው መስኮት የሚባል ነገር የለውም፤ ዝናብ መጣሉን እንኳ የሚያውቀው ደንበኛ እግሩን ሲጠርግ ሰምቶ ነው።

የእህቱ ባል ክፉ ሰው ቢሆንማ በምን ዕድሉ! ጥሎ ይወጣ ነበር። ጋሼ ግን ደግ ነው። እህቱም እናትም አባትም ሆና ያሳደገችው ናት። ሽቦ «ልሄድ ነው» ሊል ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ጋሼ ቀድሞ «አንተ ባትኖር እኮ ይህ ቤት ዛሬውኑ ይዘጋ ነበር!» ይለዋል። በቃ፣ ቃሉ እዚያው ጉሮሮው ላይ ይቀራል። ኧረ ይሉኝታ ስንቱን ነው አስሮ ያስቀረው!

አንድ ቀን ጡረታ የወጡ አብራሪ ቻርጀር ሊያሠሩ መጡ። ሰዎች ካፒቴን ይሏቸዋል፤ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ በሪሞት የሚበሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚያበሩ ሰዎችን ማኅበር ይመራሉ። የሽቦን እጅ አይተው «ለማኅበሩ ወርክሾፕ ሰው እፈልጋለሁ» አሉት። «የራስህን አውሮፕላን ሥራ፣ ሦስት ጊዜ አዙራት፣ እግሬ ሥር አሳርፍልኝ። ከዚያ የወርክሾፑን ቁልፍ ውሰድ።» ወርክሾፑ አራት መስኮት አለው። ሽቦ ሌላውን አልጠየቀም።

አውሮፕላኗን ከማሸጊያ ፎም ቀርጾ ሠራት። ሪሞት ነበረው፤ አውሮፕላኗ ላይ ሆኖ ትእዛዙን የሚሰማውን መቀበያ ገዛ። ሁለቱም ላይ «2.4» ተጽፏል። «ቁጥሩ አንድ ከሆነ ምን ቀረ?» አለ። እሑድ ካፒቴኑ ፊት ሊያበርራት ሐሙስ ሁለቱን ቢከፍታቸው፣ መቀበያው ጆሮ ዳባ ልበስ አለው። ቀይ መብራቱን ብልጭ ድርግም ከማድረግ በቀር አንድ ነገር አልታዘዘም። ለካ ቁጥሩ ትእዛዙ የሚሄድበት የሞገድ መንገድ ብቻ ነው፤ ቋንቋውን እያንዳንዱ ፋብሪካ ለብቻው ያስተምራል። ሪሞቱና መቀበያው ከተለያየ ፋብሪካ የወጡ፣ ሆድና ጀርባ ነበሩ። ሌላ ሰው ቢያደርገው ይስቅበት ነበር፤ በራሱ ግን እንባው መጣ።

ዓርብ የተጣሉ ዕቃዎች ካርቶን ሲያገላብጥ፣ የሪሞቱ ፋብሪካ ከሠራው መጫወቻ ላይ የወለቀ ትንሽ መቀበያ አገኘ። ለቤት ውስጥ የተሠራ ስለሆነ ከሩቅ አይሰማም። «ቢሆንም ዘመድ ነው፤ ይሰማኛል» አለ።

ቅዳሜ ሁለቱን ሊያስተዋውቅ ተቀመጠ። በዚያች ሰዓት ሪሞቱ ላይ ያሉት ማንሻዎች የት እንደቆሙ መቀበያው ይይዛል፤ ኋላ ከሪሞቱ ጋር ቢቆራረጥ የሚመለሰው ወደዚያው ነው። ስለዚህ የሞተሩ ማንሻ የግድ ወደ ታች፣ ማጥፊያው ላይ፣ መሆን አለበት። ሽቦ ይህን ሲያጣው ነው? ሞተሩን ነቅሎ፣ ማንሻውን ዝቅ አድርጎ፣ የመቀበያውን ማስተዋወቂያ ቁልፍ ተጫነ። ይህን ጊዜ በሩ ተከፈተ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ጋሼ።

ሽቦ ደንግጦ ሪሞቱን ጠረጴዛ ሥር ወሸቀው። የጠረጴዛው ጠርዝ ማንሻውን ወደ ላይ ገፋው። «ምንም የለም ጋሼ። የደንበኛ ዕቃ ነው።»

ጋሼ ወጣ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል! ተግባብተዋል! ሽቦ በደስታ ማንሻውን መለሰውና ሌላ ሙከራ ሳያደርግ ጠቀለላቸው። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ ሽቦ የሚለቅመውም አላገኘ።

እሑድ አውሮፕላኗ ተነሣች። አንዴ ዞረች፣ ሁለቴ ዞረች። ካፒቴኑ ኪሳቸው ውስጥ ቁልፉን ሲያቃጭሉ ይሰማዋል። በሦስተኛው ዙር ትንሽ ራቅ አለችበት። ሊያዞራት ቢሞክር እምቢ አለችው። ማንሻውን ዝቅ አደረገ፤ ሞተሩ ጭራሽ ጮኸ።

«ሞተሩን አጥፋው እንጂ!»

«አጥፍቼዋለሁ ካፒቴን!»

ካፒቴኑ ወደ እጁ አዩ። «ስታስተዋውቃቸው ማንሻው የት ነበር?»

ሽቦ ቅዳሜ የተከፈተው በርና የጠረጴዛው ጠርዝ ትዝ አሉት። አውሮፕላኗ ባለ በሌለ ኃይሏ ቀጥ ብላ፣ ከዛፎቹ በላይ፣ ከኮረብታው ማዶ ሄደች። አልወደቀችም። መጀመሪያ የተሰማው ኀዘን አልነበረም፤ ቅናት ነበር። በገዛ እጁ በሠራት ፎም ቀናባት።

ካፒቴኑ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «አይዞህ፣ ያጋጥማል» አሉት። ቁልፉን ግን ከኪሳቸው አላወጡም።

ሰኞ ጠዋት ጓዳው ውስጥ ጋሼ የተበላሸ ቴሌቪዥን አቅፎ ገባ።

«ትናንት ስፈልግህ ዋልኩ እኮ። የት ሄደህ ነው?»

ሽቦ መበየጃውን ሰካና ቴሌቪዥኑን ወደ ራሱ ሳበው።

«የትም አልሄድኩም ጋሼ።»