የተከፈተው የመርዶ ክፍል

በመርሳ ከተማ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ከተባለ እኔ ነኝ። ያስተማረኝ የለም። ራዲዮ ፈትቼ ገጠምኩ፣ ከራዲዮ ወደ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥን ወደ ኮምፒውተር ተሻገርኩ። የወረዳችን የሀብሩ ተወላጆች ካሉበት ሁሉ የሚገናኙበትን የኢንተርኔት መድረክ ያቆምኩትም ብቻዬን ነው። ጉራ የሚለኝ ይበለኝ፣ እውነት ነው።

መድረኩ ላይ አንድ የተዘጋ ክፍል ነበረን። የሚገባበት መርዶ የምናረዳ ሽማግሌዎች ብቻ ነን፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም። ለማን፣ መቼ፣ ማን ሄዶ እንደሚነግር እዚያ እንመክራለን። መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ በር ተንኳኩቶ ነው።

በዚያ ሰሞን የምንመክረው ስለ አንዲት የውርጌሳ ባለሱቅ ነበር። ሹፌር ወንድሟ አፋር መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦበት ሞቷል። እሷ ደግሞ አራስ ናት። “ወተቷ እንዳይደርቅ፣ ልጁ ክርስትና እስኪነሳ ይቆይ” ተባባልን። ባሏም ጎረቤቷም አፋቸውን ያዙ። “ወንድሜ ስልኩ እንቢ አለኝ” ስትል “ኔትወርክ የሌለበት ሄዶ ነው” ይሏታል።

መድረኩ የቆመበት ሶፍትዌር አርጅቶ ወደ አዲስ ማዛወር የግድ የሆነው ያኔ ነው። ወልድያ ኮምፒውተር የምታስተምር አንዲት መምህርት ልርዳዎት ብላ መጣች።

“ጋሼ፣ ጽሑፉ ይዛወራል። የትኛውን ክፍል ማን ያያል የሚለው ግን አብሮ አይሄድም፤ እንደ አዲስ መወሰን አለበት። ለሰው ሳይከፍቱት፣ እንደ እንግዳ ገብተን እንየው።”

“ልጄ፣ አንቺ ሳትወለጂ እኔ ሽቦ እቀጥል ነበር። ለእኔ ማሽን ምስጢር የለውም።”

“መቀጠሉንስ ቀጥለዋል፤ ይሄ ግን ሽቦ አይደለም” ብላ ሳቀች።

ሳቋ ከነከነኝ። እሷ ወደ ወልድያ ስትመለስ እኔ መድረኩን ከፈትኩና “ተዛወርን!” ብዬ ለጠፍኩ። ምስጋናው ጎረፈ። አንድ በአንድ እያነበብኩ ተቀመጥኩ እንጂ የተዘጋው ክፍል ተዘግቶ እንደሆነ አላየሁም።

አመሻሹ ላይ የባለሱቋ ባል ደወለ። ከበስተኋላው ጩኸት ይሰማል።

“አባባ፣ አንብባዋለች። የወተቱን ነገር ሳይቀር።”

ክፍሉን ዘጋሁት። ዘግቼስ ምን ላደርግ?

ለቅሶ ስንደርስ ፊቷ አብጧል። “ማን ነው የከፈተው?” አለች። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

“ማሽኑ ነው” አልኩ።

መምህርቷ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣ ነበር። ቀና ብላ አየችኝና መልሳ አቀረቀረች። ያቺ ማቀርቀሯ እስከ ዛሬ ታቃጥለኛለች።

ለክርስትናው ተጠራሁ፤ ወገቤን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ሌሊቱን ግን መኝታው አልመች አለኝ። ማልጄ ተነሳሁ፣ ጋቢዬን ለበስኩ፣ እንደ መርዶ ነጋሪ ውርጌሳ ሄጄ በሯን አንኳኳሁ። ስገባ ጥቁር ለብሳ ልጁን ታጠባለች።

“የከፈትኩት እኔ ነኝ” አልኳት። “ማሽኑ አይደለም። አስቀድሞ ሰው አስጠንቅቆኝ ነበር።”

ልጁን ወደ ሌላው ጡቷ አዞረችው።

“ሲያስጠነቅቅዎት እርስዎ ምን አሉት?”

ልሸሸው ፈለግሁ። እሷ ግን ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም።

“ለእኔ ማሽን ምስጢር የለውም፣ አልኩ።”

“ይድገሙት እስኪ” አለችኝ።

ደገምኩት።