ባቡሩ መወጣጫ ላይ የቆመው

በዩኒቨርሲቲው መኝታ ክፍላችን ውስጥ ጓደኛዬ ሐላዋ በከፈተች ቁጥር የሰሊጡ ሽታ ሐይቅ ከተማ ወዳለው ቤታችን ይመልሰኛል። አባቴ ከካርቱም የላካቸው ሦስት ፎቶግራፎች የሚቀመጡት በባዶ የሐላዋ ቆርቆሮ ውስጥ ስለነበር፣ ለእኔ የአባቴ ጠረን ሰሊጥ ነበር። በአካል አላውቀውም። እናቴን አግብቶ ጥቂት ወራት እንደቆየ ሥራ ፍለጋ ሱዳን ተሻግሮ፣ እዚያ በወንዙ ወደብ ጆንያ ሲሸከም ከርሞ፣ እኔ ሳልወለድ በወባ ሞተ።

በበጋ፣ እናቴ ገበያ ውላ ስትመለስ፣ ቆርቆሮውን አውርጄ ፎቶዎቹን ምንጣፍ ላይ እደረድር ነበር። በአንደኛው ባቡር የብረት ድልድይ ይሻገራል፤ በሁለተኛው ባቡሩ ቆሞ ሠራተኞች ከበውታል፣ አንዱም መወጣጫው ላይ ቆሟል፤ በሦስተኛው መርከብ ወንዙ ዳር ታስሮ እየጨሰ፣ ሸክም ያዘሉ ሰዎች በሳንቃ ይወጣሉ። በሐይቃችን ላይ ከታንኳ በቀር ሌላ ነገር ሲሄድ አይቼ ስለማላውቅ መርከቡ ቤት ይመስለኝ ነበር። እኔ የምፈልገው ግን መርከቡን አልነበረም። ፊቶቹ በጣም ትንንሽ ስለነበሩ «አባቴ የቱ ነው?» እያልኩ እናቴን አስቸግራት ነበር፤ እሷም መርከቡ አጠገብ የቆመውን ባለ ጥምጣም በጣቷ ነካ አድርጋ «ያውልሽ፣ ዘሐራ» ትለኝና ወደ ሥራዋ ትሄድ ነበር።

በአንዱ ክረምት ቤት ለቤት ፍተሻ ሊደረግ ነው የሚል ወሬ ሰፈሩን አስጨነቀው። የውጭ አገር ድልድይና ባቡር ፎቶ የተገኘበት ሰው ሰላይ ይባላል አሉ። እናቴ ከጎረቤት መቀስ ተውሳ መጥታ፣ «ጥፋቱ የባቡሩና የመርከቡ ነው፤ ሰውየው ምን አደረገ?» አለችና ባለ ጥምጣሙን ብቻ ዙሪያውን ቆርጣ አስቀርታ፣ የተረፈውን ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ፈታሾቹ መጡ፤ ጠመንጃ እንዳለ ጠየቁ፣ ጎታውን አንኳኩተው ወጡ። ቆርቆሮውን ዞሮ ያየው እንኳ አልነበረም።

ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም ሰይድ እንደ ልማዱ ከአምባሰል ሊጠይቀን ወረደ። ቁራጯን አንስቶ ብዙ አያት።

«እትዬ ከድጃ፣ ይሄ ማነው?»

«ወንድምህ ነዋ! ረሳኸው እንዴ?»

«ወላሂ አይደለም! ወንድሜ ባቡሩ መወጣጫ ላይ የቆመው ነበር። የሰው ባል ነው ያስቀረሽው!»

«ባልሽን አታውቂውም ልትለኝ ነው?»

«መች ቀና ብለሽ አየሽውና!»

በእኛ ዘንድ አዲስ ሙሽራ የባሏን ፊት ትኩር ብላ ማየት ነውር ነበር። እናቴም አባቴ ሲገባ ሻሿን ወደ ግንባሯ ዝቅ አድርጋ፣ ሲበላ ዞር ብላ ቆማ፣ ሲናገር መሬት መሬቱን እያየች ስታደምጠው፣ ዐይነ አፋርነቷ ሳይለቃት ሄደባት። ሰይድ ያን ሲላት «ሳሉን ብሰማ ከስንት ሰው መሀል እለየዋለሁ» ብላ አለቀሰች።

በእናቴ ተናደድኩ፤ ቀድሞ ባለመናገሩ በአጎቴም ተናደድኩ። «እሺ፣ ምን ይመስል ነበር?» እያልኩ ስወተውተው «ረዘም ያለ፣ ቀይ ዳማ፣ ሳቂታ» ይለኝ ነበር። የሐይቅ ገበያ ግማሹ ረዘም ያለ፣ ቀይ ዳማና ሳቂታ ነበር። እናቴ ግን ባለ ጥምጣሙን አልጣለችውም፤ ቆርቆሮው ውስጥ መልሳ ከደነችው። በቀጣዩ በጋ ሰይድ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ፤ ከሄደበትም አልተመለሰም።

ዘንድሮ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት የካርቱምን የድሮ ፎቶዎች የያዘ መጽሐፍ አገኘሁ። መርከቦቹ በስማቸው፣ ባቡሮቹ በቁጥራቸው ተጽፈዋል፤ ከሰዎቹ ሥር ግን «ሠራተኞች» ከማለት በቀር ምንም የለም። ባቡር መወጣጫ ላይ የቆሙ ወጣቶች በየገጹ አሉ፤ ፊታቸውም ጥርት ብሎ ይታያል። ያኔ ፎቶው ተቃጥሎብኝ፣ ፊቱን የሚያውቅ ሰው አጠገቤ ነበረ። አሁን ፎቶው ሞልቶ «ይሄ ነው» የሚለኝ አጣሁ።